«አረፍ ይበሉ» ላሉት ሁሉ

ሰውን የማስቀመጥ ውድድር በኦሊምፒክ ቢካተት ኖሮ በረጅም ርቀት ሩጫ ካገኘነው የበለጠ ወርቅ ይዘን እንመለስ ነበር። አዛውንቱ ገና ብቅ ሲሉ «ኖር!» ይባላል፤ «በእግዜር» ብለው ሳይጨርሱ ወንበር ይመጣል፤ ወንበሩ ላይ ትራስ ይደረጋል፤ ትከሻቸው ላይ ጋቢ ይደረባል። ውሃ ለመቅዳት ብድግ ሲሉ «ኧረ በሞቴ!»፤ መጋረጃ ለመግለጥ እጃቸውን ሲዘረጉ «ኧረ እኔ ልሙት!»። እሳቸው አንዴ እንዳይነሱ ቤተሰቡ በቀን አሥር ጊዜ ይሞታል። በሦስተኛው ዓመት እግራቸው የሥራ መልቀቂያ ያስገባል። ያን ጊዜ ሁሉም ጭንቅላቱን ነቅንቆ «እርጅና እኮ ነው» ይላል። ምስኪን እርጅና! ባላጠፋው ጥፋት ስንት ዓመት ሙሉ ሲወቀስ ኖረ።

ስለዚህ የዛሬው ተረብ አዛውንቶችን አይነካም። እነሱን የነካ እንዴት እንደሚሆን ወደ ታች ስትወርድ ታየዋለህ። ተረቡ የተቆረጠው «አረፍ ይበሉ» ለሚል ሁሉ ነው፤ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዛውንቱን ጠዋት ከአልጋ አንስቶ ወንበር ላይ፣ ማታ ከወንበር አንስቶ አልጋ ላይ አድርጎ «ተንከባከብናቸው» ለሚል መጦሪያ ቤት። ሕጉ የተለመደው ነው፤ የተቆጣ ተሸነፈ።

«በዘጠና ዓመት ክብደት ማንሳት? ጤና የለህም እንዴ?»

እኔ ጤና ካጣሁ ቦስተን ቀድማኝ አጥታለች። በ1990 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ በእኛ ብትቆጥረው ሰባት ስምንት ዓመት ይቀንስልሃል እንጂ ጉልበት አይጨምርልህም) ማሪያ ፊያታሮን የምትባል ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣች። ጥናቱ የተሠራው ሂብሩ ሪሃቢሊቴሽን ሴንተር በሚባል የቦስተን የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። ፈቃደኞቹ 10 ናቸው። ትንሹ 86፣ ትልቁ 96፣ አማካዩ 90። በዚያ ቡድን ውስጥ የ86 ዓመት ሰው ሱቅ የሚላክ ልጅ ነው።

ሥራውም የዋዛ አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ወደ ፊት እየዘረጉ ክብደት መግፋት ነው። ቀለል ካለው ይጀመርና ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሳው ከሚችለው ከባድ ክብደት 80 በመቶው ላይ ይደረሳል። 8 ጊዜ አንስቶ ማረፍ፣ እንደገና 8፣ አሁንም እንደገና 8። በሳምንት 3 ቀን፣ ለ8 ሳምንት። በየመጦሪያው ግቢ ለካሜራ ሲባል የሚደረገው «አንገትዎን ወደ ቀኝ፣ አሁን ደግሞ ወደ ግራ» ዓይነት እንቅስቃሴ አይደለም። አንገታቸውንማ ጠያቂ መጣ አልመጣ እያሉ በሩን ሲያዩ ሲያዞሩት ነው የሚውሉት።

10 ጀመሩ፣ 9 ጨረሱ። አንተ ግን ዕንቁጣጣሽ ዕለት ምለህ ተገዝተህ የተመዘገብክበትን ጂም ደመራ ሳይለኮስ ነው ያቆምከው።

ውጤቱን ልንገርህ፣ ተቀመጥ። ይቅርታ፣ ቁም። የ9ኙ የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ 100 የነበረው 274 ገባ ማለት ነው። የጭናቸው ጡንቻ 9 በመቶ ወፈረ። ተረከዝን ከጣት እያስነኩ በቀጭን መስመር ላይ የመሄድ ፍጥነታቸው 48 በመቶ ከፍ አለ። ሁለቱ ያለ ከዘራ መሄድ ጀመሩ። በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት አቅቷቸው ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እጁን ሰብስቦ ብድግ አለ። ዘጠና ዓመት የሞላው ጡንቻ ጥሪ ሲደርሰው አቤት ብሎ የሚመጣ መሆኑን ዓለም በዚያ ዓመት አወቀ።

ቁጥር የሚወድ አንባቢ እዚህ ላይ ያዝ ያደርገኛል። «ጡንቻው 9 በመቶ ብቻ ወፍሮ ጉልበቱ እንዴት 174 በመቶ ይጨምራል? ሒሳቡን ማን ነው የሠራው፣ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጡንቻው ቀድሞ የሚነቃው ነርቭ ነው። አንጎል ለዓመታት ሳይጠራቸው የኖሩ የጡንቻ ክሮችን እንደገና መጥራት ይጀምራል፤ የተጠሩትም አንድ ላይ መሳብን ይለምዳሉ። ጡንቻው አብዛኛው እዚያው ነበር፤ የጠፋው ሥራ የሚያዘው ነው። መሥሪያ ቤት ውለህ የምታውቅ ከሆነ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

«ዋናው መብላት ነው። ጥሩ ጥሩውን ካበላናቸው ጉልበቱ ራሱ ይመጣል።»

ይህን ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የምታነሳው እናት ስለሆነች ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምመልሰው። እነዚያው ሐኪሞች በ1994 እዚያው ቦስተን ተመልሰው፣ አሁን 100 የመጦሪያ ነዋሪዎችን ይዘው ሞከሩት። አማካይ ዕድሜ 87። ለ10 ሳምንት ከፊሎቹ ክብደት አነሱ፤ ከፊሎቹ ገንቢ መጠጥ ተሰጣቸው፤ ከፊሎቹ ሁለቱንም አገኙ፤ ከፊሎቹ ሁለቱንም አላገኙም። ክብደት ያነሱት ጉልበታቸው 113 በመቶ ሲጨምር ያላነሱት 3 በመቶ ላይ ቀሩ። ደረጃ የመውጣት አቅማቸውም 28 በመቶ ጨመረ። መጠጡን ብቻ ያገኙትስ? መጠጡን ጠጡት፤ አለቀ። ድካማቸው ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

አጥሚት ብቻውን ደረጃ አይወጣም እትዬ። ሰው እየራበው ስፖርት ይሥራ ማለቴ እንዳልሆነ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ፤ የተራበ ገላ ክብደት ቢያነሳ ያለውንም ጡንቻ ነው የሚበላው። እኔ ያልኩት ሰሃኑን ከአልጋው አጠገብ ከማድረስ ይልቅ ሰውየውን ሰሃኑ አጠገብ ያድርሱት ነው።

«ኧረ ተዋቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲለፉ ኖረው አሁን እንኳ ይረፉ!»

እሺ፣ ይረፉ። ስንት ቀን? አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ የሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ሰዎችን 10 ቀን አልጋ ላይ አስተኝተው መዘኗቸው። ጥናቱ የወጣው በ2007 ነው። ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። ሳይታመሙ፣ ሳይራቡ፣ አሥር ቀን ስላረፉ ብቻ! ሥጋ ቤት 1 ኪሎ ቢያጎድልብህ ፖሊስ ትጠራለህ፤ ከአባትህ እግር ላይ ሲጎድል ግን «እረፍት ነው» ትላለህ።

«አያቶቻችን ጂም የሚባል ሳያውቁ አይደል እንዴ መቶ ዓመት የኖሩት?»

መቶ ዓመቱን የቆጠረው ማን እንደሆነ ባልጠይቅህ ይሻላል። አያትህ ጂም ያላወቁት ጂም ውስጥ ስለኖሩ ነው። ውሃው ከምንጭ በጀርባ ይመጣል፣ እንጨቱ ከጫካ በሸክም ይመጣል፣ እህሉ ተንበርክከው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ስግደቱ አለ። ቁም፣ ጎንበስ በል፣ ጉልበትህን አጥፍ፣ ግንባርህን መሬት አስነካ፣ ተነስ፤ እንደገና። የሐጂም ሰላት በቀን አምስት ጊዜ ከመሬት ያስነሳቸዋል። ከመሬት ተነስቶ መቆምን ያህል እግርና ወገብን የሚፈትን እንቅስቃሴ ፊዚዮቴራፒስቱም ብዙ የለውም። መጦሪያ ሲገቡ ምን አልናቸው? «እርስዎማ ተቀምጠው ይጸልዩ።» ለታመመውና ላቃተው ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዶለታል፤ ለሚችለው የፈቀድነው እኛ ነን።

የመቀመጥ ዕዳን በገዛ ዓይንህ ማየት ከፈለግክ ታክሲ ውስጥ አለልህ። ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1953 የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች አነጻጽሮ ነበር። አንድ አውቶቡስ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ጭስ፤ የልብ ሕመም ግን ቀኑን ሙሉ በተቀመጠው ሾፌር ላይ በረታ፤ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ትኬት ቆራጭ ግን ቀለል አለለት። ስለዚህ ወያላችን «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሲያስጨንቅህ ትዕግሥት ይኑርህ፤ ሰውየው ልቡን እየጠበቀ ነው።

«የእኛዎቹ እኮ ዊልቸር ላይ ናቸው። ምን ይንቀሳቀሳሉ?»

ይህን ለኢትዮጵያዊ የሚነግር ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል። አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በዓመቱ፣ በ1970፣ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የዊልቸር ጨዋታዎች ላይ ቀስት ሲወረውርና ጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወት ታየ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ፣ በረዶ ላይ በውሻ የሚጎተት ጋሪ ውድድር ገብቶ አሸነፈ። የሸዋ ልጅ፣ ኖርዌይ በረዶ ላይ፣ በውሻ! ዊልቸር ከወገብ በታች ያለውን ይዞ ይሆናል፤ ትከሻ፣ ክንድ፣ ደረትና ሳንባ ግን የማንም እስረኛ አይደሉም። ደግሞስ በእስክስታ አገር ተቀምጦ መንቀሳቀስ ተቸገርን ብንል ማን ያምነናል? ትከሻችን ከመላው ዓለም ተለይቶ የሚሠራ እኮ ነው። አንድ ሙዚቃ ክፈትና የተቀመጡትን እማማ ትከሻ እይ፤ ከዚያ «አይንቀሳቀሱም» በለኝ።

«ይወድቃሉ! ቢሰበሩስ? ተጠያቂው ማነው?»

እዚህ ላይ ቀልዱን ቀነስ ላድርግ፤ ይህ ፍርሃት ከሁሉም የተሻለ ምክንያት ያለው ፍርሃት ነው። የአዛውንት ዳሌ ከተሰበረ ነገሩ ከባድ ነው። በየቤታቸው በሚኖሩ አዛውንቶች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ሚዛንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ መውደቅን 23 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መጦሪያ ቤት ውስጥ ግን ውጤቱ እንዲህ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ጥናት ቀነሰ ይላል፣ አንዳንዱ ለውጥ አላየሁም ይላል። ይህን ከደበቅኩህ ተራቢነቴ ቀርቶ ደላላ ሆኛለሁ።

ግን አንተስ አማራጭህ ምንድን ነው? ማስቀመጥ። የተቀመጠ ሰው አይወድቅም ብለህ። የተቀመጠ ሰው በየቀኑ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄድና አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻውን ይነሳል፤ መነሳቱ አይቀርም፣ ሽንት ቀጠሮ አያከብርም። ያን ጊዜ የሚነሳው ያዳከምከው እግር ነው። በአንዳንድ አገር ይህን ፍርሃት እስከ ማሰር አድርሰውት ነበር፤ ወንበር ላይ በቀበቶ፣ አልጋ ላይ በጨርቅ። አሜሪካኖች በ1987 በወጣ ሕግ ነዋሪን ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማሰርን ከለከሉ፤ መጦሪያው ነዋሪውን ሊደርስበት በሚችለው ከፍተኛ አቅም ላይ የማቆየት ግዴታ አለበትም ተባለ። «ከፍተኛ አቅም» ማለት ቴሌቪዥን ፊት መደርደር አይደለም።

ይህን ሕግ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚሠሩ ወገኖቼ በደንብ ያውቁታል፤ ነርሲንግ ሆም ገብቶ የእኛን ሰው ዩኒፎርም ለብሶ ማግኘት ብርቅ አይደለም። እህቴ፣ አንቺንም ልጥራሽ። የሌላ አገር እናት እያነሳሽ እየጣልሽ ወገብሽ አልቋል፣ ማታ ደግሞ ወገብሽን በቅባት ታሺያለሽ። እሳቸው ከአልጋ ጫፍ በገዛ እግራቸው ግማሹን እንኳ ከተነሱልሽ ግማሹ ሸክም ከአንቺ ላይ ወረደ። የአዛውንት ስፖርት ለአዛውንቱ ብቻ አይደለም፤ ለአስታማሚ ወገብም ጭምር ነው። ኃላፊዎችሽ «ጊዜ የለንም» ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው፤ በደግነት የማይገባው ኃላፊ በወጪ ይገባዋል።

«አእምሯቸው የደከመውስ? የነገርካቸውን የት ያስታውሱታል?»

እግር ማስታወሻ ደብተር አይዝም፤ የሠራውን ይዞ ይቆያል። ፈረንሳይ ውስጥ በአምስት መጦሪያዎች አልዛይመር ያለባቸውን 134 ነዋሪዎች ይዘው፣ ለአንድ ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ሲያራምዷቸው፣ ሲያጠነክሯቸው፣ ሚዛን ሲያስጠብቋቸው ቆዩ። በ2007 የወጣው ውጤት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መብላት የመሳሰለውን ራስን የመቻል አቅም በማጣት ረገድ ከሌሎቹ ቀስ ብለው ነው የወረዱት የሚል ነው። ወረዱ፤ ግን ቀስ ብለው። በሽታው አልዳነም፤ ዳነ የሚልህ ሰው ካለ ቦርሳህን ጠበቅ አድርግ።

ሐዘንንና ብቸኝነትንም ስፖርት ያጠፋል ብዬ አልሸጥልህም። እንግሊዞች በ78 መጦሪያዎች ውስጥ ሰፊ ሙከራ አድርገው በሳምንት ሁለት ጊዜ በቡድን የሚሠራው እንቅስቃሴ የነዋሪዎቹን ድባቴ አልቀነሰም ብለው በ2013 አሳተሙ። እኔን ብትጠይቀኝ አይገርመኝም። ልጇ ስድስት ወር ያልጠየቃትን እናት ክንድ ወደ ላይ በማንሳት አታጽናናትም። እሱ የጡንቻ ጉዳይ አይደለም፤ የአንተ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ባለጉዳዮቹ እንሂድ። እዚህ ምላሴን አፎቱ ውስጥ ከትቼ ነው የምገባው።

እማማን «ትንሽ ተነስተው ወዲያ ወዲህ ቢሉስ?» በላቸው። «ወዲያውንም አየሁት፣ ወዲህም ከረምኩበት፤ የቀረኝ ላይና ታች ነው» ይሉሃል። ጋሼን «ስፖርት ዕድሜ ይጨምራል» በላቸው። «ማን ለመነህ?» ይሉሃል። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስትላቸው «ለመታወቂያው ነው ለእውነቱ?» ብለው መልሰው ይጠይቁሃል። ይህስ እውነት አላቸው። ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ና 10,000 ሜትሩን ሁለቱንም ወርቅ ጠራርጎ ሲወስድ የዓለም ጋዜጠኛ ዕድሜውን ሲገምት ከረመ፤ ገማቾቹ ሲከራከሩ እሱ ጨርሶ ሄዷል። ሮበርት ማርሻን የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ በ100 ዓመቱ በአንድ ሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል በብስክሌት ጋለበ፤ ከዚያ ልምምዱን አጥብቆ በ102 ዓመቱ ተመለሰና ወደ 27 ኪሎ ሜትር አደረሰው። እሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ጎበዘ፤ አንተ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀበቶ ቀየርክ።

ጋሼ ግን በማርሻን አይሸነፉም። «እሱ ፈረንሳዊ ነው፣ ብስክሌት አለው፤ እኔ ያለኝ ኩላሊት ነው» ይላሉ። ስለዚህ ዕድሜ መሸጡን ትተህ ሌላ ዕቃ አቅርብ። «ጋሼ፣ ዕድሜ አይደለም የማቀርብልዎ፤ ሰው ሳይጠሩ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ነው።» በላቸው። ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ የገበያ ዋጋ መጠየቂያ ነው። «እሱን ከሆነ ግማሽ ኪሎ መዝንልኝ» ካሉህ ተሳካልህ።

የዚህ ሁሉ ንግግር ፍሬም እሱ ነው። መጦሪያ ቤት ውስጥ ስፖርት የሚባለው ማራቶን አይደለም። ከአልጋ መውረድ፣ ከወንበር መነሳት፣ ሽንት ቤት መድረስ፣ ማንኪያ ይዞ አፍ ማግኘት፣ ራስን መልበስ ነው። እነዚህ አምስቱ ያሉት ሰው በገዛ ክፍሉ ንጉሥ ነው፤ የሌሉት ሰው ደወል ደውሎ ይጠብቃል። ደወሉን ሰምቶ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ በጊዜ አይመጣም። ኮሪደር ላይ ቆሞ ያየ ያውቃል።

ዕቃው ውድ ነው ብለህ እንዳታመካኝ ዝርዝሩን ልንገርህ። ክንድ ያለው፣ የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር፤ ይህ አለህ፣ አሁን የተቀመጡበት ነው። ከሱ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ መጀመሪያ በእጅ ተደግፎ፣ ሲበረቱ እጅን ሰብስቦ። የወንበሩን ጀርባ ይዞ በእግር ጣት መቆም። ሰው አጠገብ ቆሞላቸው በአንድ እግር ለጥቂት ሰከንድ መቆም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ በእጅ ማንሳት፤ ሲለመድ ባለ አንድ ሊትሩ። ኮሪደሩን ይዞ መሄድ፤ ዛሬ እስከ መስኮቱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ በሩ። ቁም ነገሩ ማክበድ ነው፤ በአንደኛው ቀን ያነሱትን በዓመቱም የሚያነሱ ከሆነ ጡንቻው እንቅልፍ ይወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ላይ 65 ዓመት የሞላው ሰው ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይሥራ ይላል፤ ሁሉንም ማሟላት ያልቻለ ደግሞ አቅሙና ጤናው የሚፈቅደውን ያህል። ልብ የሚያመው፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ በቅርቡ የተሰበረ ወይም ቀዶ ጥገና ያደረገ ቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር፤ ደረት ከወጋ፣ ራስ ከዞረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ማቆም ነው። እዚህ ላይ ተረብ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከንፈር እንዳትመጥጥብኝ። አገር ቤት ሰው ልደቱንና ሠርጉን መቄዶንያን ወደመሰሉ የአዛውንት መርጃ ማዕከላት ሄዶ አዛውንት እያበላ ማክበር ለምዷል። መልካም ልማድ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ሥርዓቱን አይተኸዋል? እነሱ እንደተቀመጡ እንገባለን፣ እንደተቀመጡ እናጎርሳለን፣ እንደተቀመጡ ፎቶ እንነሳለን፣ እንደተቀመጡ ጥለናቸው እንወጣለን። አርባ ወጣት መጥቶ አንድ አዛውንት ሳያስነሳ ይመለሳል! ከአርባው ሃያው አንዳንድ አዛውንት ክንዳቸውን ይዘው ግቢውን አንዴ ቢያዞሯቸው ምሳውም ይጣፍጥ ነበር። ሠራተኛ ጠይቅ፣ ማን መነሳት እንደሚችል እሱ ያውቃል። ሙሽሮችስ ብትሆኑ፣ ፎቶ አንሺው ከሚያሽከረክራችሁ እማማ ይዘዋችሁ ቢዞሩ አይሻልም?

የመጦሪያ ቤት ኃላፊንም ስትጠይቅ «ምን ይበላሉ?» በሚለው አትጀምር፤ ለሱ መልስ ተዘጋጅቶለታል። «ዛሬ ከምሳ በፊት ስንቱ ቆሟል?» በለው። ወደ ጣሪያው ካየ መልሱን አገኘህ።

ስለ ቦስተኖቹ አንድ ያልነገርኩህ ነገር ቀርቷል። 8 ሳምንቱ አልቆ ሥልጠናው ከቆመ በኋላ ሐኪሞቹ ጉልበታቸውን እንደገና ለኩት። በ4 ሳምንት ውስጥ 32 በመቶው ሄዷል። ጡንቻ ቁጠባ ሒሳብ የለውም፤ ባላስገባህበት ወር ያወጣል። እንግዲህ ለበዓል ብቻ ብቅ የምትል ጠያቂ፣ ከፋሲካ እስከ ዕንቁጣጣሽ ያለውን ሳምንት በጣትህ ቁጠረውና ቀጣዩን ቀጠሮህን ያዝ። ስትመጣም ብርቱካኑን ለሠራተኛው ስጠውና እጅህን ባዶ አድርግ፤ ክንዳቸውን የምትይዝበት ያስፈልግሃል።